ተራራ ካልቆመ ባቡር አይሄድም

ልጆች፣ ተጠጉ። ዛሬ የምነግራችሁ ተረት እንደ ባቡር ነው፤ ከኋላው እየተቀጠለበት የሚረዝም። እኔ «ቀጠልኩ» ስል እናንተ «ፉርጎ ጨምሪ!» በሉኝ። እሺ? ቀጠልኩ።

ፉርጎ ጨምሪ!

ድሬዳዋ ውስጥ፣ ለገሃሬ የሚባለው ሰፈር አጠገብ፣ መክሊት የምትባል ልጅ ነበረች። መክሊት ከአያቷ ከአባባ ድንቁ ጋር ሆና በረንዳቸው ላይ ባቡር ሠርታለች። ሰው የሚሳፈርበት ባቡር እንዳይመስላችሁ፤ በመዳፍ የምትያዝ ናት። ፉርጎዎቿ የሰርዲን ቆርቆሮ፣ ጎማዎቿ የጠርሙስ ቆርኪ፣ ሞተሯ ከተበላሸ ቴፕ የወጣ። ሐዲዱ ሰፊ ኮምፖርሳቶ ላይ ተዘርግቷል፤ ከጣቢያው ይነሣል፣ ድልድዩን ይሻገራል፣ የተራራውን ትከሻ ይዞ ይወጣና ዞሮ ጣቢያው ይገባል።

አባባ ድንቁ ጡረታ እስኪወጡ ባቡር የነዱ ሰው ናቸው። ሐዲዱ ትንሽ ከተጣመመ በጣታቸው ዳስሰው ያውቃሉ። በጣታቸው ያልኩት በዓይናቸው ስለማያዩት ነው። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ የቀረቻቸው አንዲት ጭላንጭል ብቻ ናት።

የዚያን ዕለት ታዲያ አዳማ ያለው ልጃቸው መኪና ላከ። አባባ ዛሬ ተሳፍረው ነገ ጠዋት እዚያው አዳማ የዓይን ሐኪሙ ዘንድ ካልቀረቡ ተራቸው ያልፋል። ሌላ ተራ ከክረምት ወዲያ ነው የሚገኘው፤ እስከ ክረምት ደግሞ ያቺ ጭላንጭል አትቆይም። ሸምሱ የሚባለው ሾፌር መኪናውን በር ላይ አቁሞ ጥሩምባውን ይነፋል። ጲጵ! ጲጵ!

አባባ ከወንበራቸው አልተነሡም።

«ጫማዬ የታለ?» አሉ። ጫማቸው እግራቸው ላይ ነው።

«ነጠላዬስ?» ነጠላቸው ትከሻቸው ላይ ነው።

የመክሊት እናት ወይዘሮ አልማዝወርቅ ልጇን ወደ ጓዳ ጠራቻትና፣ «ፈርተው ነው፤ ዓይን የሚነካ ሐኪም ማን የማይፈራ አለ? አትሳቂባቸው» አለቻት። ከዚያ ወደ አባባ ተመልሳ፣ «አባባ፣ እግዚአብሔር ከርስዎ ጋር ነው። ምን እናድርግልዎት?» አለች።

አባባ አሰቡ፣ አሰቡና ምክንያት አገኙ። «ባቡሯ አንዴ ትዙርልኝ። እኔም ፊሽካዬን ነፍቼ ልሸኛት። ባቡር ካልሄደ አልሳፈርም!»

«ይኼማ ቀላል ነው!» ብላ መክሊት ወደ በረንዳ ሮጠች።

ተራራው የለም!

ለካስ ተራራው የተሠራው በካርቶን ነው። ካርቶኑን ያጣበቁት ደግሞ በምን መሰላችሁ? በዱቄት ሙጫ! ተነፍቶ፣ ተበጥብጦ፣ እሳት ላይ ተማስሎ። እስቲ አሁን የድሬ ሰው ሆኖ ከዱቄት የተሠራ ተራራ በረንዳ ላይ የሚያሳድር አለ? የድሬ ፍየል ካርቶን ያለ ሙጫም ትበላለች። አንዲት ፍየል በረንዳው ጥግ ቆማ ታላምጣለች፤ ጢሟ በተራራው ቀለም አረንጓዴ ሆኗል።

«በስመ አብ!» አለች ወይዘሮ አልማዝወርቅ። «ተራራ የምትበላ ፍየል!»

ፍየሏም ተባረረች። ሐዲዱ ግን ትከሻ የሚያውሰው ተራራ አጥቶ አየር ላይ ተንጠለጠለ። ተራራ ካልቆመ ባቡር አይሄድም፤ ባቡር ካልሄደ አባባ አይሳፈሩም።

«አሁንስ በዱቄት አይሆንም» አሉ አባባ ካሉበት። «በሰጋቱራ ነው። ሰጋቱራ በኮላ ተለውሶ ከደረቀ እንኳን ፍየል ግመልም አይበላው።» ይህን ሲሉ ፊታቸው ፈካ አለ፤ ሰጋቱራ ቶሎ እንደማይገኝ ያውቃሉ መሰል።

ሰጋቱራ ካልመጣ ተራራ አይቆምም፤ ተራራ ካልቆመ ባቡር አይሄድም፤ ባቡር ካልሄደ አባባ አይሳፈሩም። መክሊት ጆንያዋን ይዛ ወደ አናጢው ሮጠች። ቀጠልኩ።

ፉርጎ ጨምሪ!

አናጢው ጋሽ ባህሩ ጣውላቸውን አጋድመው፣ መጋዛቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተክዘዋል።

«ጋሽ ባህሩ፣ ሰጋቱራ ይስጡኝ።»

«የጠዋቱን የሻይ ቤቷ ሴትዮ ለምድጃዋ ጠርጋ ወሰደችው።»

«ታዲያ አዲስ አይቆርጡም?»

«በምኔ? እይው እስቲ ይህን መጋዝ። ጥርሱ ዶልዱሞ እንደኔ ድድ ሆኗል። ቅቤ አይቆርጥም!»

«ታዲያ አይስሉትም?»

«በምኔ? ሞረዴን ባለጋሪው አብዲ ተውሶ ወሰደው። ለፈረሴ ኮቴ ነው አለኝ። የኔን የመጋዝ ሞረድ ለፈረስ ጥፍር! ሂጂና አምጪልኝ፤ ሰጋቱራውንም ኮላውንም እሰጥሻለሁ።»

ሞረድ ካልተመለሰ መጋዝ አይሳልም፤ መጋዝ ካልተሳለ ሰጋቱራ አይመጣም፤ ሰጋቱራ ካልመጣ ተራራ አይቆምም፤ ተራራ ካልቆመ ባቡር አይሄድም፤ ባቡር ካልሄደ አባባ አይሳፈሩም። መክሊት ወደ ባለጋሪው ሮጠች። ከኋላዋ ጥሩምባው ይጮኻል፤ ጲጵ! ጲጵ!

አብዲ ዛፍ ጥላ ሥር ፈረሱን ይዞ ይለማመጠዋል። በአንድ እጁ ሞረድ፣ በአንድ እጁ የፈረስ ጉልበት።

«አብዲ፣ ሞረዱን ስጠኝ! ጋሽ ባህሩ ይፈልጉታል።»

«አቦ፣ ቆይ! ሦስቱን እግር ሞርጄ ጨርሻለሁ። አራተኛውን አልሰጥም አለኝ። ሦስት እግር አጭር፣ አንድ እግር ረዥም አድርጌ ልንዳው? ጋሪው እንደ ሰካራም ይሄድብኛል።»

«ለምን አይሰጥህም?»

«ጠይቂው ራሱን!»

መክሊት ፈረሱን አየችው። ፈረሱም መክሊትን አያት፤ አፍንጫውን ነፋና ፊቱን ወደ መንገዱ ማዶ አዞረ። ከማዶ ሐብሐብ ተከምሯል።

«ይኸውልሽ» አለ አብዲ። «በየቀኑ የሐብሐብ ልጣጭ አስለምጄው፣ ዛሬ ባዶ እጄን መጣሁበት። ያለ ልጣጭ እግር የለም እያለኝ ነው።»

ልጣጭ ካልጎረሰ ፈረስ እግር አይሰጥም፤ ፈረስ እግር ካልሰጠ ሞረድ አይመለስም፤ ሞረድ ካልተመለሰ መጋዝ አይሳልም፤ መጋዝ ካልተሳለ ሰጋቱራ አይመጣም፤ ሰጋቱራ ካልመጣ ተራራ አይቆምም፤ ተራራ ካልቆመ ባቡር አይሄድም፤ ባቡር ካልሄደ አባባ አይሳፈሩም። ትንፋሽ አላችሁ? እኔ ትንሽ ቀርቶኛል። ቀጠልኩ።

ፉርጎ ጨምሪ!

መክሊት መንገዱን ተሻግራ ሐብሐብ ሻጯ ዘይነባ ዘንድ ደረሰች። ዘይነባ ሻሿን ግንባሯ ላይ ስባ፣ ቢላዋዋን አጠገቧ አጋድማ ዝንብ ታባርራለች።

«እትዬ ዘይነባ፣ የሐብሐብ ልጣጭ ይስጡኝ፤ ትንሽ!»

«ልጣጭ ከየት ይመጣል የኔ ቆንጆ? አንድም አልቆረጥኩ።»

«አንድ ይቁረጡልኛ!»

«ሳይሸጥ?» ዘይነባ ደረቷን ያዘች። «ወላሂ አላደርገውም። ገዢ ገበያዬን ሳይከፍትልኝ በነፃ ከሰጠሁ ቀኑ በሙሉ በነፃ ነው የሚያልቀው። እናቴም አታደርገው፣ የእናቴም እናት አታደርገው። አንድ ሰው ይግዛኝና ልጣጩ ላንቺ ይሁን፤ ፍሬውንም አቀምስሻለሁ።»

መክሊት መንገዱን ወደ ላይ አየች፣ ወደ ታች አየች። የድሬ ፀሐይ መሬቱን ይጠብሰዋል። ሱቁ ተዘግቷል፣ ሰው ተኝቷል፣ ውሻው እንኳ ከግንብ ሥር ምላሱን አውጥቶ ተኝቷል። ኪሱ ባዶ ከሆነው ከአብዲ ሌላ በመንገዱ ሙሉ የነቃ ሰው አንድ ብቻ ነው። ጲጵ! ጲጵ!

ገዢ ካልመጣ ሐብሐብ አይቆረጥም፤ ሐብሐብ ካልተቆረጠ ፈረስ ልጣጭ አይጎርስም፤ ልጣጭ ካልጎረሰ ፈረስ እግር አይሰጥም፤ ፈረስ እግር ካልሰጠ ሞረድ አይመለስም፤ ሞረድ ካልተመለሰ መጋዝ አይሳልም፤ መጋዝ ካልተሳለ ሰጋቱራ አይመጣም፤ ሰጋቱራ ካልመጣ ተራራ አይቆምም፤ ተራራ ካልቆመ ባቡር አይሄድም፤ ባቡር ካልሄደ አባባ አይሳፈሩም። መክሊት ወደ መኪናው ሮጠች።

ሸምሱ መሪው ላይ ተደፍቶ ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል።

«ሸምሱ፣ ሐብሐብ አትገዛም? ቀዝቃዛ ነው! ቀይ ነው!»

«ስሙን አትጥሪብኝ አቦ! ምራቄን አስዋጥሽኝ።»

«ውረድና ግዛ እንግዲህ።»

«አልወርድም። አጎትሽ ምን ብሎ እንዳስጠነቀቀኝ ታውቂያለሽ? ‹አባባ ሲፈሩ ይጠፋሉ። ዓይንህን ከበሩ ላይ እንዳታነሣ፣ ከመሪህ እንዳትወርድ› ብሎኛል። አባባ ካልተሳፈሩ እኔ ከዚህ ንቅንቅ አልልም።»

«ገንዘቡን ስጠኝና እኔ ልግዛልህ!»

«አጎትሽ የሰጠኝ የነዳጅ ብቻ ነው። የኔ ሒሳብ የሚከፈለኝ አባባ ሲሳፈሩ ነው።»

እንግዲህ ስሙ ልጆች፣ ነገሩ እንዴት እንደተተበተበ። አባባ ካልተሳፈሩ ሾፌር አይወርድም፤ ሾፌር ካልወረደ ገዢ አይመጣም፤ ገዢ ካልመጣ ሐብሐብ አይቆረጥም፤ ሐብሐብ ካልተቆረጠ ፈረስ ልጣጭ አይጎርስም፤ ልጣጭ ካልጎረሰ ፈረስ እግር አይሰጥም፤ ፈረስ እግር ካልሰጠ ሞረድ አይመለስም፤ ሞረድ ካልተመለሰ መጋዝ አይሳልም፤ መጋዝ ካልተሳለ ሰጋቱራ አይመጣም፤ ሰጋቱራ ካልመጣ ተራራ አይቆምም፤ ተራራ ካልቆመ ባቡር አይሄድም፤ ባቡር ካልሄደ አባባ አይሳፈሩም! አባባ ካልተሳፈሩ ደግሞ ሾፌር አይወርድም፤ ሾፌር ካልወረደ... ኧረ የት ይቆማል ይኼ?

መክሊት በረንዳው ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ ይህንኑ እያለቀሰች ለእናቷ ነገረቻት። ወይዘሮ አልማዝወርቅ የልጇን ራስ እየዳበሰች፣ «እመቤቴ ታውቃለች» አለች። ምሳ ሰዓት አልፏል። ሸምሱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ «እስካሁን መንገድ ላይ በሆንን! ፀሐይ ከጠለቀች ደግሞ አልነሣም!» ብሎ ጮኸ።

አባባ ድንቁ ሁሉንም ሰምተዋል። በመጀመሪያ ሳቁ። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ፈረሱም እምቢ አለ?» አሉ። «ደግ አደረገ!» ከዚያ ሳቃቸው ቀስ እያለ ቆመ። የመክሊትን ሳግ ሰሙ።

«መክሊት» አሉ።

«አቤት አባባ።»

«እኔ በነዳሁበት ዘመን ሐዲዱ አንድ ነበር። አንዳንዴ ሁለት ባቡር ፊት ለፊት ይፋጠጣል። ያኛው አንተ ተመለስ ይላል፣ ይኸኛውም አንተ ተመለስ ይላል። እንዲህ ሲሆን ማን ወደ ኋላ እንደሚል ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ጭነት የሌለው ነው። ጭነት ያለው ዳገት ላይ ወደ ኋላ ማለት አይችልም።» አባባ ጉልበታቸውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ። «እነዚህ ሁሉ ሥራ አላቸው። አናጢው ጣውላ አለው፣ ባለጋሪው ፈረስ አለው፣ ዘይነባ ገበያ አላት፣ ሸምሱም መንገድ አለው። ባዶውን ቆሞ ሐዲድ የዘጋ እኔ ነኝ። በይ ትከሻሽን አምጪ።»

ተነሡ! ከጠዋት ጀምሮ ያልተነሡት አባባ ተነሡ። አንድ እጃቸውን ከዘራ ላይ፣ አንድ እጃቸውን መክሊት ትከሻ ላይ አድርገው ከበር ወጡ። ሸምሱ ደነገጠ። «ሊጠፉ ነው! አባባ! በዚህ በኩል ነው መኪናው!»

«አልጠፋሁም፤ ገበያ ልሄድ ነው!» አሉ አባባ።

ዘይነባ ስታያቸው ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። «አባባ ድንቁ! በእግርዎ?»

«ገበያሽን ልከፍትልሽ መጣሁ።»

«አይ የኔ ነገር! ገዢ አምጣልኝ ብዬ ብለምን፣ አላህ ዓይኑ የማያይ ገዢ ይላክልኝ? የፈለግኩትን ብሰጥዎትስ?»

«ሐብሐብ በዓይን የሚገዛ ሞኝ ነው» አሉ አባባ። ጎንበስ ብለው አንዱን በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉ። «ይኼ ጥሬ ነው።» ሌላውን ኳ ኳ። «ይኼም ያኮረፈ ነው።» ሦስተኛውን ኳ ኳ ሲያደርጉ ጆሯቸውን ጣል አደረጉበት። «ይኼን ስጪኝ።»

ዘይነባ ቢላዋዋን ሰካችበት። ጭርርር ብሎ ተከፈለ፤ ውስጡ እንደ እሳት ቀይ። «ወላሂ፣ ዓይንዎ ቢበራ ሱቅ ሊያዘጉኝ ነው!» አለች።

እንግዲህ ልጆች፣ ያዙኝ፤ ባቡሩ ቁልቁለት ጀመረ።

ገዢ መጣ፣ ሐብሐብ ተቆረጠ። ሐብሐብ ተቆረጠ፣ ፈረስ ልጣጭ ጎረሰ። ልጣጭ ጎረሰ፣ አራተኛ እግሩን እንደ ጨዋ አነሣ። እግሩን አነሣ፣ አብዲ ሞረደና ሞረዱን መለሰ። ሞረድ ተመለሰ፣ መጋዝ ተሳለ። መጋዝ ተሳለ፣ ጣውላ ተቆረጠ፤ ሰጋቱራው እንደ ገብስ ቆሎ እየተፍለቀለቀ ጆንያ ውስጥ ወረደ። ሸምሱም የሐብሐብ ቁራጭ በመስኮት ተሰጠውና ጥሩምባውን ረሳው።

መክሊትና እናቷ ሰጋቱራውን በኮላ ለውሰው ኮምፖርሳቶው ላይ ከመሩት። አባባ አጠገባቸው ተቀምጠው በእጃቸው እየዳሰሱ ያዝዛሉ፤ «ይህን ጎኑን ዝቅ አድርጊው፤ ተራራ እንደ ዳቦ አይነፋም። እዚህ ጋ ጎርፍ የቀደደው ስንጥቅ አለ፤ በማንኪያ ጫሪው። አዎ! አሁን ጠጠር በትኚበት፤ ትልልቁን ከታች፣ ደቃቁን ከላይ።» የድሬ ፀሐይ፣ ሰውን ሲጠብስ የዋለው ፀሐይ፣ አሁን ለበጎ ሆነና ተራራውን ሳይመሽ እንደ ብስኩት አደረቀው።

መክሊት አረንጓዴውን ቀለም ይዛ መጣች።

«ምንድን ነው የያዝሽው?» አሉ አባባ።

«ቀለም። አረንጓዴ ልቀባው ነው።»

«ተይው እቴ! የፊተኛውም አረንጓዴ መሆኑን ማን ነገረኝ? ብሰማ ኖሮ ፍየሏን አመሰግናት ነበር! ከዚህ እስከ ኤረር ጣቢያ በበጋ አረንጓዴ ተራራ አይቼ አላውቅም። ሰጋቱራ ምን ይመስላል?»

«ቡናማ። ቢጫም አለበት።»

«ይኸው! እግዚአብሔር የሠራውን መልክ ይዞ መጥቶልሻል። ግራር ብቻ ትከይበት።»

መክሊት ከአጥሩ የደረቀ እሾህ ቅርንጫፍ እየቆረጠች፣ ጫፍ ጫፉን ኮላ ነክራ፣ እንደ ጥላ የተዘረጋ ግራር አድርጋ ተከለችው። አንዱን ከሸለቆው፣ አንዱን ከገደሉ አፍ፣ ሌሎቹን በየተዳፋቱ። ከዚያም ሐዲዱን በተራራው ትከሻ ላይ አሳረፈችና ባትሪውን ገጠመች።

አባባ ፊሽካቸውን አወጡ። ፊይይይት!

ባቡሯ ተነሣች። ድልድዩን ተሻገረች፣ ዳገቱን እየተንገዳገደች ወጣች፣ በግራሮቹ መካከል ተሹለክልካ ጣቢያዋ ገባች። አባባ ድምፅዋን ተከትለው አንገታቸውን ያዞራሉ። ከዚያ ወደ ተራራው ጎንበስ አሉ፣ አፍንጫቸው ሊነካው እስኪደርስ። ዓይናቸውን አጠበቡ፣ ከፈቱ፣ አጠበቡ።

«ቢጫ ነገር ይታየኛል» አሉ ቀስ ብለው። «እንደ ጥላ ጥላም ያለ ነገር አለበት። ግራሮቹ ናቸው?»

«አዎ አባባ።»

«ስንት ናቸው?»

መክሊት ልትናገር አፏን ከፈተች። ከዚያ እናቷን አየች፣ መኪናውን አየች፣ አፏን ዘጋች።

«አልነግርዎትም» አለች።

«እንዴት አትነግሪኝም?»

«ሲመለሱ ራስዎ ይቁጠሯቸው።»

አባባ ድንቁ ቀና አሉ። «እንዲህ ነው?» አሉ። «አንዱ ግራር ሥር ምን እንዳስቀመጥሽስ?»

«እሱንም አልነግርዎትም።»

«ይቺ ልጅ ጨካኝ ናት!» አሉና ከዘራቸውን ይዘው በሩን በራሳቸው አገኙት። «ሸምሱ! የምን መንቀርፈፍ ነው? ሐብሐቡን ዋጥና ቁልፉን አዙር፤ ሰው ሐኪም ይጠብቀዋል!»

ተራራ ቆመ፣ ባቡር ሄደ። ባቡር ሄደ፣ አባባ ተሳፈሩ። አባባ ተሳፈሩ፣ መክሊት ወደ በረንዳ ሮጠች። የግራሩ ሥር ገና ባዶ ነበርና፣ አባባ አይተው ሳይመለሱ እዚያ የሚያገኙትን አንድ ነገር መሥራት አለባት።

ተረቴን ጣቢያ አድርሻለሁ፤ እናንተን ደግሞ ያሰባችሁበት ያድርሳችሁ።